«ኮማንድ ኖት ፋውንድ»፦ «የለም» ወይስ «አጣሁት»?

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ ሰላም ቤተሰብ። ለጀማሪዎች የሊኑክስ መማሪያ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ፕሮግራሙ ተጭኖ ሳለ ተርሚናሉ (ትዕዛዝ የምንጽፍበት መስኮት) «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ሲል «ትዕዛዙ የለም» ልበለው? «ፓዝ»ንስ መንገድ ወይስ ዱካ?

መልስ፣ ከደሴ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ለዚህ አማርኛ አያንስም። «የለም» ግን አይሆንም። ሼሉ (ተርሚናሉ ውስጥ ትዕዛዝህን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም) መኖር አለመኖሩን በምን ያውቃል? የተነገረው ቦታ ፈልጎ አጣ፣ በቃ። «የለም» ካልከው ተማሪው ሄዶ እንደገና ይጭነዋል። «ፈልጌ አጣሁት» ካልከው «የት የት ፈለግህ?» ይላል። ፓዝ ማለት የዚያ ጥያቄ መልስ ነው፤ የፎልደሮች ዝርዝር።

ደሴ ላይ ሰው ልከህ «መሐመድን ጥራልኝ፤ መጀመሪያ ፒያሳ፣ ካጣኸው ቧንቧ ውሃ፣ ከዚያ ሆጤ» አልከው እንበል። ፒያሳ ያገኘውን መሐመድ ይዞልህ ይመጣል። (ደሴ ላይ መሐመድ መቼም አይታጣም!) የፈለግከው የሆጤው ከሆነ ግን ጉድ ፈላ። የፓይተንን (የፕሮግራም ቋንቋ ነው) ሁለት ስሪት የጫነ ሰው የማይፈልገው የሚነሳበት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሼሉ ዝርዝሩን ከግራ ወደ ቀኝ ያያል፣ መጀመሪያ ያገኘውን ያስነሳል።

ዱካ አልወደድኩትም። ያለፈ ሰው ትቶት የሚሄድ ነገር ነው። ለአንድ ፋይል አድራሻ ግድ የለም፣ ይሁን። ፓዝን ግን «መፈለጊያ ቦታዎች» በለው።

ከወልዲያ፦ ፓዝን ለሌሎች ፕሮግራሞች የሚያስተላልፈውን ትዕዛዝ፣ «ኤክስፖርት»ንም «መላክ» እንዳትለው፣ የቡና ንግድ አይደለም። «ማውረስ» ነው። ከዚያ ሼል የሚነሱ ፕሮግራሞች ይወርሱታል፤ ልጁ (የወረሰው ፕሮግራም) የለወጠው ግን ወደ ወላጁ ሼል አይመለስም። ተርሚናሉ ሲዘጋም አብሮ ይጠፋል። እንዲቆይ ከተፈለገ፣ ባሽ የሚባለውን ሼል ለሚጠቀም፣ ሆም ፎልደር ውስጥ «ነጥብ ባሽአርሲ» የሚባለው ፋይል ላይ ይጻፋል። ማክ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ካታሊና ከተባለው ስሪት ወዲህ ዜድኤስኤች በሚባል ሌላ ሼል ስለሚጀምር ፋይሉ «ነጥብ ዜድኤስኤችአርሲ» ነው።

ጠያቂው፦ «ማውረስ» ተመችቶኛል፣ እወስዳታለሁ። ፎልደሮቹን የሚለየው ሁለት ነጥብስ፣ የግዕዙ ይሠራል?

ከደሴ፦ አይሠራም! ፡ እና የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ ለዓይን ቢመሳሰሉም ለሼሉ ሌላ ሌላ ናቸው። ኪቦርዱን ቀይር። ደግሞ አዲሱን ፎልደር ስትጨምር የድሮውን ፓዝ ከነዶላር ምልክቱ አብረህ ጻፍ። ከረሳኸው ፋይሎችን የሚዘረዝረው ትዕዛዝ፣ ኤልኤስ እንኳ ይታጣል። ፋይሉ ላይ ገና ካልጻፍከው አዲስ ተርሚናል መክፈት ይበቃል። ከጻፍከው ሙሉ አድራሻውን፣ «ስላሽ ቢን ስላሽ ኤልኤስ» ብለህ ጥራው፤ ያኔ መፈለግም አያሻውም።