ሌንሴ ውስጥ ጉም ገባ፤ እሑድ ሰርግ አለብኝ

ሐይቅ ዳር (ሰኞ ጠዋት)

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነው የምኖረው። ሰርግና ልደት እያነሳሁ እተዳደራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርጄ ነበር። አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳዎቹም የዓሣ ሆድ ዕቃ ለመቀማት ሲጋፉ ማንሳት እወዳለሁ። የዚያን ቀን አንዱ አጥማጅ "ነይ ውጪ" ብሎ ጀልባው ላይ አሳፈረኝ። መሃል ስንደርስ ካፊያ ጀመረ፤ ነፋስም ተነሳ። ማዕበሉ ጀልባዋን እየመታ ውሃ ይረጭብን ነበር። ካሜራውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ያዝኩት። ቤት ስገባ ላዩን ጠርጌ፣ ክዳኑን ከድኜ፣ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት።

እሑድ ፀሐይ ላይ ሳወጣው ከፊተኛው መስታወት በስተጀርባ ጉም አየሁ። በጨርቅ ብጠርገው አይለቅም፤ ከውስጥ ነው። ማታ ላይ ጠፋ፤ ዛሬ ጠዋት ተመልሶ መጣ። ሳነሳበት መብራት ዙሪያ ነጭ ክብ ይሠራል። የሰው ፊት ደግሞ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል።

ሌንሱ 24-70 ነው፤ ቀለበቱን እያዞሩ የሚያቀርቡበትና የሚያርቁበት ዙም። ዕቁብ ጥዬ ነው የገዛሁት፤ ሌላ ሌንስ የለኝም። ጎረቤቴ "ሩዝ ውስጥ ቅበሪው" ትላለች። ወንድሜ "በፎን አድርቂው" ይላል። እስካሁን ምንም አልነካሁትም። እሑድ ሰርግ አለብኝ፣ እባካችሁ ምን ላድርግ?

ባለ ታቦር

እህቴ፣ አለመንካትሽ ጥሩ ነው። ፎኑን ተዪው። ሙቀቱ የውስጡን ቅባት ያቀልጠዋል፤ ቅባቱም ወደ መስታወቶቹና ብርሃን ወደሚመጥኑት ስስ ብረቶች ይፈሳል። መስታወቶቹን የያዘውን ሙጫም ሊያላላ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልግሽ ማድረቂያ ሳይሆን ጠጋኝ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ዙሙን ስታስረዝሚና ስታሳጥሪ ሌንሱ እንደ ወናፍ አየር ይስባል። ውሃ ላዩ ላይ ካለ አብሮ ይገባል። ፀሐይ ሲያገኘው ያቺ ጠብታ ትተናለች፤ ቀዝቀዝ ያለ መስታወት ስታገኝ ደግሞ ጤዛ ትሆናለች። የድስት ክዳን ላይ እንደሚያልበው ማለት ነው። ማታ "ጠፋ" ያልሽው አልወጣም፤ እዚያው ውስጥ ቦታ ቀይሮ ነው። ስለዚህ አሁን ዙሙን አታንቀሳቅሺው።

ሌንሱን ከካሜራው ንቀይ። የፊቱንም የኋላውንም ክዳን አውልቂ። አጥብቆ የሚገጠም ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ፈልጊ፤ ሲሊካ ጄል አብዝተሽ ጨምሪና ሌንሱን አስገብተሽ ዝጊው። ሲሊካ ጄል ማለት አዲስ ጫማና ቦርሳ ውስጥ የሚገኘው ትንሽ ከረጢት ነው። ጫማ ሻጮች ብትጠይቂያቸው ብዙ ይሰጡሻል። ግን ሲንከባለል የቆየ ከሆነ እርጥበት ጠጥቶ ጠግቧል። ፍሬዎቹን አውጥተሽ ምግብ በማታበስዪበት ዕቃ፣ ኦቭን ውስጥ በ120 ዲግሪ ሁለት ሦስት ሰዓት አቆዪያቸው፤ የጠጡትን ይተፋሉ። ቀለም የሚቀይረው ዓይነት ከሆነ ራሱ ይነግርሻል፤ ብርቱካናማው ሲጠግብ አረንጓዴ ይሆናል። ሰማያዊው ግን ኮባልት ያለበት ስለሆነ አታሙቂው፤ ልጆችም አይንኩት።

ሳጥኑን ቢያንስ ሁለት ቀን አትክፈቺው። እየከፈቱ ማየት ነው ሥራውን የሚያበላሸው።

ሩዙን አልመክርሽም። እርጥበት የመሳብ አቅሙ ደካማ ነው፤ ዱቄቱ ደግሞ ዙሙ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል።

አንድ ነገር ግን ያጽናናሽ። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ ባይኖረውም ውሃው ጨዋማ አይደለም። ሻላ ወይም አቢያታ ላይ ቢሆን ኖሮ ጨው ብረቱን ስለሚበላው ዛሬውኑ ይፈታ እልሽ ነበር።

የአዳማ ልጅ

የኔ ከሷ ይለያል፤ ግን ለሌላው ይጠቅማል። ከአዳማ ወደ መተሃራ ስወርድ መኪናው ውስጥ ኤሲ ይከፈታል። በሰቃ ሐይቅ ጋ ወርጄ ካሜራዬን ሳወጣ ሌንሱ ወዲያው ይጋረድብኛል። ያ ከላይ ነው፤ ሌንሱ ሲሞቅ በራሱ ይለቃል። አሁን ከመውረዴ በፊት ካሜራውን ፌስታል ውስጥ አስሬ ግማሽ ሰዓት አቆየዋለሁ። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል። በዚያ ሰዓት ሌንስ መቀየር ግን በፍጹም።

እመ ብርሃን

እህቴ፣ እኔ ጉሙን አልፈራውም፤ የምፈራው ከሱ በኋላ የሚመጣውን ነው። አባቴ የሰጠኝን 50 ሚሊሜትር ሌንስ በቆዳ ማኅደሩ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ ሁለት ክረምት አለፈ። ሳወጣው መስታወቱ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ነበር። ሻጋታ ነው። ከመስታወቱ ሽፋን ላይ ተጠርጎ ቢነሳም፣ የሚያወጣው አሲድ የበላው ቦታ አይመለስም። እስከ ዛሬ ያንን ሌንስ ሳይ ያመኛል።

ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ሌንስ በቆዳ ማኅደር አታሳድሪ። ሲደርቅልሽ ደግሞ ስልክሽን አብርተሽ ከኋላ በኩል አሳልፈሽ እዪው። እርጥበት መለኪያ ካገኘሽ ሳጥንሽ ውስጥ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይሁን። ከ30 በታች ከወረደ ቅባቱ ይደርቃል።

ሐይቅ ዳር (ሐሙስ ማታ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፒያሳ ያሉ ጫማ ሻጮች አንድ ፌስታል ሙሉ ሰጡኝ። ከሰኞ ከሰዓት ጀምሮ ሳጥኑን አልከፈትኩም፤ እንዴት እንደቻልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ ሳወጣው ጠርቷል። መስኮት ዳር አንድ ሰዓት አስቀመጥኩት፤ ጉሙ አልተመለሰም። የእህቴን ልጅ አምፖል ሥር አነሳኋት፤ ያ ነጭ ክብ የለም።

በስልክ መብራት ሳየው ግን ጠርዙ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ምልክት አለች። ሻጋታ ትሆን ይሆን ብዬ ፈራሁ። ለእሑዱ የጓደኛዬን ሌንስ ለመጠባበቂያ ተውሻለሁ።

ባለ ታቦር

ክር አላት ወይስ ክብ ናት?

ሐይቅ ዳር

ክብ ናት። ዙሪያዋ ብቻ ነጣ ይላል።

ባለ ታቦር

ጠብታ ደርቆ የተወው ምልክት ነው። ሥዕሉ ላይ አይታይም፤ ለሱ ብለሽ አታስፈቺው። ፎቶ አንሥተሽ አስቀምጪና በየወሩ አስተያዪው፤ ክር ካወጣች ያኔ ወደ ጠጋኝ ውሰጂው። ክረምቱ እስኪወጣ ሌንሱ ሳጥኑ ውስጥ ይደር። እሑድ ከሰርጉ ስትመለሺ ዝናብ ነክቶት ከሆነ፣ ከመተኛትሽ በፊት ክዳኖቹን አውልቀሽ አስገቢው።