የህንድ ዜግነት ሕግ፦ የሕገ መንግሥቱን መግቢያ ማንበብ ፍርድ ቤት ምን ይፈይዳል?

ጠያቂው፦
እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2019 ጀምሮ የዴልሂ ሻሂን ባግ ሰፈር ሴቶች የ2019ኙን የዜግነት ማሻሻያ ሕግ ተቃውመው መንገድ ላይ ተቀምጠው «እኛ የህንድ ሕዝብ» ብሎ የሚጀምረውን የሕገ መንግሥት መግቢያ በጋራ ያነቡ ነበር። መግቢያ ብቻውን መብት አያስከብርም ይባላል። ታዲያ ሕጉን ተቃውሞ ችሎት የሚቆም ሰው የትኛውን አንቀጽ ይያዝ? 15ን?

መዝገብ ቤት፦
15 አይሆንም፤ 14 ነው። 15 በሃይማኖት ማዳላትን በስም ቢከለክልም የሚጠብቀው ዜጋን ነው። እዚህ ያለው ሰው ደግሞ ዜግነት ገና ጠያቂ ነው። 14 ግን «ማንኛውም ሰው» ይላል።

ሕጉ እስከ 31 ዲሴምበር 2014 ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽና ከአፍጋኒስታን የገቡ ሂንዱዎችን፣ ሲኮችን፣ ቡድሂስቶችን፣ ጄይኖችን፣ ፓርሲዎችንና ክርስቲያኖችን ከሕገ ወጥ ስደተኛ ተራ ያወጣል፤ የመኖሪያ ጊዜውንም ከ11 ዓመት ወደ 5 ያወርድላቸዋል። ሙስሊም የለበትም።

በ14 ስር ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ ልዩነቱ በግልጽ ተሰምሯል? ከሕጉ ዓላማስ ጋር ይገናኛል? መስመሩማ ግልጽ ነው። የሚያነክሰው ሁለተኛው ላይ ነው። መንግሥት የመረጥኩት እስልምና የመንግሥት ሃይማኖት በሆነባቸው ሦስት አገሮች ያሉትን አናሳዎች ነው ባይ ነው። ይህ ለምያንማር ሙስሊም ሮሂንጋዎች መልስ ይሆናል፤ ምያንማር ከሦስቱ አይደለችምና። ራሳቸውን ሙስሊም ለሚሉት ለፓኪስታን አሕመዲያዎች ግን አይሆንም፤ የፓኪስታን ሕገ መንግሥት ራሱ ከ1974 ጀምሮ ሙስሊም አይደላችሁም ብሏቸዋልና።

ባለ ካባው፦
መግቢያውንም አታቃልሉት። በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በወሰነው የኬሳቫናንዳ መዝገብ የሕገ መንግሥቱ አካል ነው ተብሏል። መጠንቀቅ ያለብን «ሴኩላር» (ለሃይማኖት የማያዳላ) የምትለዋ ቃል ላይ ነው፤ የገባችው በ1976 በ42ኛው ማሻሻያ ነው። የመሥራቾቹ ቃል ናት ብሎ የተከራከረ እዚያው ይያዛል። «እኩልነት» ግን ከ1949 ጀምሮ አለ።

መዝገብ ቤት፦
ልክ ነው፤ ግን በ2024 በኡታር ፕራዴሽ ግዛት የማድራሳ (የእስልምና ትምህርት ቤቶች) ሕግ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተራ ሕግ የሕገ መንግሥቱን መሠረታዊ መዋቅር፣ ማለትም እንደ ሴኩላርነት ያሉ ማሻሻያ እንኳ የማይነካቸውን መርሆች፣ ጥሷል ተብሎ ብቻ አይሻርም፣ የተጣሰው አንቀጽ ይጠቀስ ብሏል። ዞሮ ዞሮ ወደ 14።

ብራህማፑትራ፦
የሰሜን ምሥራቅ ህንዱን የአሳም ግዛት ከዚህ ጋር አትቀላቅሉት እባካችሁ። እዚያ ሰው ለተቃውሞ የወጣው ሙስሊም ከሕጉ ስለቀረ አይደለም። የ1985ቱ የአሳም ስምምነት ከ25 ማርች 1971 ጀምሮ የገባ የውጭ ሰው፣ ሂንዱም ሆነ ሙስሊም፣ ከአገር ይውጣ ይላል። በአዲሱ ሕግ 2014 የምትለው ቀን ያንን አፈረሰችው።

ጠያቂው፦
መንገድ መዝጋቱስ?

ባለ ካባው፦
አንቀጽ 19 ያለ መሣሪያ በሰላም መሰብሰብን ይፈቅዳል። የሕዝብ መንገድን ላልተወሰነ ጊዜ መያዝን ግን ፍርድ ቤቱ በ7 ኦክቶበር 2020 አልተቀበለም። ሻሂን ባግን ፖሊስ በኮሮና ምክንያት ማርች 24 ላይ አንስቶት ስለነበር ውሳኔው የደረሰው ከስድስት ወር በኋላ ነው።