ቤዝመንት ያስቀመጥኩት የቆየ ቢራ እርጥበት በላው፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ የተወለደ ሰሞን 24 ጠርሙስ ሺሜ ሰማያዊ ገዝቼ ቤዝመንት አስቀምጬ ነበር። የቤልጂየም መነኮሳት ገዳም ቢራ ነው፤ ጥቁር፣ 9 በመቶ አልኮል ያለው። ልጁ 21 ሲሞላው አብረን እንድንከፍተው ነው። አሁን 8 ዓመቱ ነው። ትናንት ካርቶኑን ላነሳ ስል ሥሩ ርሶ እጄ ላይ ተበጣጠሰ። ሌብሉ ተልጧል፣ ሻጋታ ይዞታል፣ ሰማያዊው ቆርኪ ጠርዙ ዝጓል። ቢራው ተበላሽቶ ይሆን? ፍሪጅ ላስገባው?

መልስ (ጌንት፣ ቤልጂየም)
አይዞህ ወንድሜ። እርጥበት በጠርሙስ አልፎ አይገባም። የሚጎዳው ሌብሉንና ቆርኪውን ነው። ዛሬውኑ ከካርቶኑ አውጣቸው፤ ሻጋታው ያለው እሱ ላይ ነው። በውኃ አትጠባቸው፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረግ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን ያዝና አንገቱ ላይ ቢራው የት እንደደረሰ አስተያይ። ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ወይም ቆርኪው ዙሪያ የሚያጣብቅ ካለ አፍስሷል ማለት ነው፤ እሱን አታቆየው። የቀሩትን አቁመህ አስቀምጥ፣ እርሾው እንደ ጠላ አተላ ከሥር ይዘቅጣል።
ፍሪጅ አልመክርህም። ቢራውን ባይጎዳውም ብስለቱን ያዘገየዋል፤ ባወጣኸው ቁጥር ደግሞ ጠርሙሱ ያልበዋል፣ የተረፈውም ሌብል ይሄዳል። ከ10 እስከ 13 ዲግሪ የሆነ ጨለማ ቦታ ይበቃዋል።

መልስ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
የኛ አካባቢ በጋ ከባድ ነው። እኔም መጀመሪያ ይናፈስ ብዬ በሐምሌ የቤዝመንቱን መስኮት ስከፍት ነበር። ለካ የባሰውን ነው የማደርገው! የውጪው ሞቃት አየር ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ውኃ ይሆናል። መስኮቱን ዝጋና እርጥበት የሚመጥ ማሽን ግዛ፤ 50 በመቶ ላይ አድርገው። ቱቦውን ወደ ወለሉ ፍሳሽ ልቀቀው፣ ካለበለዚያ ባልዲ ስትደፋ ነው የምትውለው። ጠርሙሶቹን ከሲሚንቶው አንሳና እንጨት ላይ አድርግ። ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ይራቁ።

መልስ (አሽዶድ)
እኛ ባሕሩ አጠገብ ነን፣ ቤዝመንትም የለንም። ክዳኑ ግጥም የሚል የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር ነው የማስቀምጠው። እርጥበት ሲጠግብ ቀለሙን የሚቀይረውን ግዛ። ጠርሙሶቹ ግን ሳይደርቁ እንዳትከድነው፤ እርጥበቱን አብረህ ነው የምትቆልፈው።

ጥያቄ (አዲስ አበባ)
ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። ከሠርጌ የተረፈ ተራ ቢራ 3 ዓመት አስቀምጫለሁ። እሱም እየቆየ ይጣፍጣል?

መልስ (ጌንት)
አይ እህቴ። ተራው ቢራ ቀላል ነው፣ እርሾውም ተጣርቶ ወጥቷል። ሲቆይ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል። ጠርሙሱን ለማስታወሻ ያዢው። ለመቆየት የሚሆነው አልኮሉ 8 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ጥቁር ቢራ፣ ወይም እንደ ገዝ ያለው ኮምጣጣው የቤልጂየም ቢራ ነው። ገዝ ባለ ቡሽ ከሆነ አስተኝተሽ ነው የምታስቀምጪው፣ ቡሹ እንዳይደርቅ።

ጠያቂ
እግዜር ይስጣችሁ። 24ቱንም ጠረግኩ፣ ሦስቱ ጎድለው ተገኙ። ከደህናዎቹ አንዱን ከባለቤቴ ጋር ከፈትን፤ ዘቢብ ዘቢብ ይላል፣ አረፋውም አለ። ማሽኑን ከገዛሁ አራት ቀኔ ነው። 78 ይል የነበረው መለኪያ ዛሬ ጠዋት 54 ላይ ነበር።