አስቸኳይ! ናፖሊ ወደብ ላይ ቆመናል የካፕሪ ጀልባ ተሰረዘ፣ እናቴን የት ልውሰዳት?

የእማዬ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ባካችሁ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይመልስልኝ። እናቴን ይዤ ናፖሊ ወደቡ ላይ ቆሜያለሁ፣ የ4 ሰዓቱ የካፕሪ ጀልባ ተሰረዘ አሉን፣ ቀጥሎ ያለውም ተሰርዟል፣ ሰሌዳው ላይ ያለው በሙሉ እንደዛ ነው። ባህሩ ተነስቷል ነው የሚሉት እኔ ግን እዚህ ቆሜ ሳየው ውሃው ዝም ያለ ነው። ትኬቱን ከ3 ሳምንት በፊት ነው የገዛሁት። እናቴ ካገር ቤት ስትመጣ ባህር መሃል ያለች የምታምር ትንሽዬ ከተማ አሳይሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼላት ነው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ባህር አይታ አታውቅም። ዛሬ ካልሆነ ሌላ ቀን የለንም። ትኬት መቁረጫው ጋ ያለው ሰውዬ በጣልያንኛ ብቻ ነው የሚያወራው። ልጠብቅ ወይስ ካፕሪን የሚመስል ሌላ ቦታ አለ? ስልኬ 30 ፐርሰንት ነው የቀረው።

ቡና_በጀበና፦
4 ሰዓት ያልሽው በነሱ ነው ባገራችን? ከሰዓት 4 ከሆነ እኮ ገና ነው፣ እስከዛ ሊከፍቱት ይችላሉ

የእማዬ_ልጅ፦
ባገራችን! ጠዋት ነው። በነሱ 10።

ናፖሊ_ሰፈር፦
እህቴ አይዞሽ። የቆማችሁት ትልቁ ግንብ ካስቴል ኑኦቮ ስር ከሆነ እሱ ሞሎ ቤቬሬሎ ነው። ከዛ የሚነሱት ፈጣኖቹ ናቸው፣ አሊስካፎ ይሏቸዋል፣ ቀላል ስለሆኑ ባህሩ ትንሽ ሲነሳ መጀመሪያ የሚቆሙት እነሱ ናቸው። መኪና የሚጭኑት ትልልቆቹ መርከቦች ትራጌቶ ይባላሉ፣ የሚነሱት ከሌላ መትከያ ነው፣ ካላታ ፖርታ ዲ ማሳ ይባላል፣ በዛው ወደብ ውስጥ ሆኖ በእግር ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። አሊስካፎው ሲሰረዝ ትራጌቶው ብዙ ጊዜ ይሄዳል። ትኬት ቆራጩን "ትራጌቶ ፔር ፕሮቺዳ፣ ፓርቴ ኦጂ?" ብለሽ ጠይቂው፣ ፕሮቺዳ ወደምትባለው ትንሽ ደሴት የሚሄደው መርከብ ዛሬ ይነሳል ወይ ማለት ነው። ሲ ወይ ኖ ነው የሚልሽ።

ሮማዊቷ፦
እኔ የምለው ግን ካፕሪ ለምን? ሰው ሁሉ ካፕሪ ካፕሪ ይላል። ብትደርሺ እንኳ በዚህ ነፋስ ሰማያዊው ዋሻ ዝግ ነው፣ አፉ ከውሃው በላይ 1 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ በትንሽ ጀልባ ላይ ተጋድመሽ ነው የምትገቢው፣ ማዕበል ካለ አይታሰብም። እናትሽን ጀልባ ውስጥ ልታስተኚያቸው ነው? ከዛ የሚቀርሽ በሰልፍ ወደ ላይ ወጥተሽ ውድ ቡና ጠጥተሽ መመለስ ነው። አዝናለሁ ግን ለእናት የሚሆን ቦታ አይደለም።

የእማዬ_ልጅ፦
እሺ ካፕሪን ተውኩት ግን ሌላው የት ነው? ፕሮቺዳ ሰምቼም አላውቅም ያምራል?

ታሪክ_ወዳጅ፦
ልጄ፣ የጣልያን ደሴት ካልሽ ለኛ ለኢትዮጵያውያን መታየት ያለባት ፖንዛ ናት። ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በ1936 በነሱ አቆጣጠር መጨረሻ ላይ ጎጀብ ወንዝ ዳር ከተያዙ በኋላ በግዞት የተቀመጡት እዛ ነው። ከዛ የእግዜር ሥራ ተመልከቺ፣ ሙሶሊኒ ራሱ በሐምሌ 1943 ከሥልጣን ወርዶ ሲታሰር ወደዛችው ደሴት ተወሰደና ራስ እምሩ ታስረውበት የነበረው ቤት ውስጥ አስገቡት። እስከ ነሐሴ መጀመሪያ እዛ ቆየ። በሰርዲኒያ በኩል ያለችው አዚናራም አለች፣ ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ ስንቱ መኳንንትና ወይዛዝርት ከነልጆቻቸው የተጋዙባት ናት። ልጆቻችን እነዚህን ደሴቶች ሳያውቁ የሎሚ መጠጥ ሊጠጡ ካፕሪ መሄዳቸው ያሳዝነኛል። ፖንዛ ደግሞ ውበቷም ቢሆን ከማንም አያንስም፣ ወደቧ ዙሪያ ያሉት ቤቶች ሮዝ ቢጫ ነጭ ሆነው እንደ ግማሽ ጨረቃ ነው የተደረደሩት።

ናፖሊ_ሰፈር፦
ጋሼ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፣ እኔም ሄጄ አይቻለሁ፣ ግን ልጅቷ አሁን ወደብ ላይ ቆማለች። የፖንዛ መርከብ የሚነሳው ከፎርሚያ ነው፣ ባቡር 1 ሰዓት፣ ከዛ ባህር ላይ 2 ሰዓት ተኩል፣ ክፍት ባህር ነው በዚህ ነፋስ አይሆንም። አንቺ እህቴ ያልነገርሽን ነገር አለ። እናትሽ መራመድ ይችላሉ? በረራችሁ መቼ ነው? ሻንጣ ይዛችኋል?

የእማዬ_ልጅ፦
አዎ ይቅርታ መጀመሪያ መጻፍ ነበረብኝ። እናቴ 67 ዓመቷ ነው ጉልበቷን ያማታል ብዙ ደረጃ አትችልም። ሁለት ሻንጣ ይዘናል ሆቴሉን ለቀናል። በረራችን ነገ ማታ ከሮም ነው። ሁዳዴም እየጾመች ነው ከትናንት ጀምሮ ዳቦና ቲማቲም ብቻ ነው የበላችው።

የባህር_ሰው፦
መርከብ ላይ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ወደቡ ውስጥ ውሃው የተኛ ቢመስልሽ አትመኚው፣ የማዕበል መከላከያው ግንብ ከልሎሽ ነው። ካፕሪ ከናፖሊ 30 ኪሎሜትር ገደማ ይርቃል፣ የባህረ ሰላጤው አፍ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ከደቡብ ምዕራብ ሊቤቾ የሚሉት ነፋስ ሲመጣ ፊት ለፊት ነው የሚመታው። ፕሮቺዳ ግን ከየብሱ 3 ኪሎሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ስለዚህ ካፕሪ ተዘግቶ ፕሮቺዳ ክፍት የሚሆንበት ቀን አለ። ከናፖሊ ሳይሆን በስተ ምዕራብ ካለችው የወደብ ከተማ ከፖዙኦሊ ብትሳፈሩ ደግሞ ባህር ላይ የምትቆዩት ያንሳል፣ በትራጌቶ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። እናትሽን መርከቡ መሃል፣ ታችኛው ፎቅ ላይ አስቀምጫቸው፣ ስልክ አይዩ፣ አድማሱን ይዩ። ባዶ ሆድ ከመሆን ደረቅ ዳቦ ይሻላል።

ሚላኖ_ነዋሪ፦
ትልቁን መርከብ ሞክሩ፣ ትራጌቶ ይባላል፣ ከሌላ ቦታ ነው የሚነሳው

ቡና_በጀበና፦
ከላይ ተብሏል እኮ

ናፖሊ_ሰፈር፦
በቃ እንዲህ አድርጊ። ሻንጣውን ይዘሽ ወደብ ለወደብ አትንከራተቺ። ታክሲ ያዙና ናፖሊ ቼንትራሌ ባቡር ጣቢያ ሂዱ፣ ውስጡ የሻንጣ ማስቀመጫ አለ፣ "ዴፖዚቶ ባጋሊ" የሚል ጽሑፍ ፈልጊ። ከዛው ከስሩ ሊኔያ 2 ሜትሮ ይዛችሁ ሞንቴሳንቶ ውረዱ፣ እዛ ኩማና ወደሚባለው ባቡር ቀይሩና ፖዙኦሊ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ወደቡ ቅርብ ነው። ስትደርሺ መጀመሪያ የመመለሻውን መርከብ ሰዓት ጠይቂ፣ ከዛ ነው ትኬት የምትቆርጪው። ከሰዓት በኋላ ይከፋል ካሉሽ አትሂጂ፣ ደሴት ላይ አድረሽ የነገው በረራ ቢያመልጥሽ ጉድ ነው።

ሚላኖ_ነዋሪ፦
ሊኔያ 2 እኮ ራሱ ፖዙኦሊ ይደርሳል ምን ቀይሩ አስባለ

ናፖሊ_ሰፈር፦
ይደርሳል፣ ግን ጣቢያው ዳገቱ ላይ ነው፣ ወደቡ ታች ነው። መውረዱ እሺ፣ ስትመለሺ ግን ያንን ዳገት በታመመ ጉልበት ማን ይወጣዋል። ለእናት ኩማና ነው።

የእማዬ_ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ፕሮቺዳ ላይ ግን ደረጃ የለም? ፎቶውን ሳየው ቤቶቹ ተራራ ላይ የተደራረቡ ይመስላል

ናፖሊ_ሰፈር፦
ፎቶው ላይ ያየሽው ኮሪቼላ ነው፣ የዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር። መኪና አይገባም፣ በደረጃ ነው የሚወረደው። እናትሽን አታስወርጃቸው። ከመርከቡ የምትወርዱበት ማሪና ግራንዴ ራሱ ሜዳ ነው፣ እግርሽ መሬት ሲረግጥ ሮዝና ቢጫ ውሃ ሰማያዊም የተቀቡ ቤቶች ፊትሽ ተደርድረዋል። ከዛ ትንሽ አውቶቡስ ወይ ታክሲ ይዛችሁ ወደ ቴራ ሙራታ ውጡ፣ የደሴቲቱ ከፍተኛው ቦታ ነው፣ ከፍተኛ ስልሽ 91 ሜትር ነው። መንገዱ ላይ ኮሪቼላን ከላይ የምታዩበት ቦታ አለ፣ ሾፌሩን "ፓኖራማ" ብትዪው ያቆምልሻል። አጥማጆቹ ከባህር ሲመለሱ ቤታቸውን ከሩቅ እንዲለዩ ነው በየቀለሙ የቀቡት ይባላል። እኔ እናቴን የወሰድኳት ጊዜ እዛ ድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጣ ምንም ሳትናገር ብዙ ቆየች፣ ከዛ "ይሄን ሁሉ ውሃ የያዘው ምንድነው" አለችኝ። እስካሁን አልረሳውም። ደሴቲቱ በሙሉ 4 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ናት፣ የ2022 የጣልያን የባህል ዋና ከተማ ተብላ የተመረጠችው እሷ ነች፣ እንዲያም ሆኖ የካፕሪ ዓይነት ግፊያ የለባትም።

ቡና_በጀበና፦
ስለ ጾሙ እኔ ልንገርሽ፣ የሚበላ ሞልቷል እኮ! ፒዛ ማሪናራ እዘዢላት፣ ቲማቲም ነጭ ሽንኩርት ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፣ አይብ የለውም፣ የናፖሊ ሰው ራሱ የሚበላው ነው ለኛ የተሠራ አይደለም። ፕሮቺዳ ከደረሳችሁ ደግሞ የሎሚ ሰላጣ አለ፣ የነሱ ሎሚ ነጩ ልጣጩ ወፍራም ነው እሱን ከነሥጋው ቆርጠው በናና በሚጥሚጣ ቃሪያ በነጭ ሽንኩርት በዘይት ያሹታል፣ እናትሽ አዋዜ ያላት ይመስላታል። ሁሌ "ሴንዛ ፎርማጆ" በይ፣ ያለ አይብ ማለት ነው። አንድ ነገር ተጠንቀቂ፣ በየመንገዱ የሚሸጠው ቀለበት የሚመስል ደረቅ ብስኩት ታራሊ የሚሉት፣ የናፖሊው የአሳማ ስብ አለበት! ጾም ባይሆንም ለእናትሽ ማለቴ ነው።

ሮማዊቷ፦
ዓሣም አለ እኮ ባህር ዳር ሆነው

ቡና_በጀበና፦
በሁዳዴ ዓሣ? እናቷን ጠይቂያቸው መጀመሪያ

ሕግ_አዋቂ፦
የተሰረዘውን ትኬት እንዳትጥዪው። በአውሮፓ ኅብረት የባህር መንገደኞች ሕግ፣ ቁጥሩ 1177/2010፣ ጉዞው ከተሰረዘ ወይም መነሻው ከ90 ደቂቃ በላይ ከዘገየ ምርጫው ያንቺ ነው፣ ወይ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በሌላ ጉዞ ያደርሱሻል ወይ ገንዘብሽን በ7 ቀን ውስጥ ይመልሱልሻል። በአየር ሁኔታ ምክንያት ስለሆነ ከዛ ላይ ካሣ አትጠብቂ። ሰሌዳውን ፎቶ አንሺ፣ መስኮቱ ላይ "ሪምቦርሶ" በያቸው፣ ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ነው።

ሮማዊቷ፦
መርከቡ ጭራሽ ካልሄደ ደግሞ እዛው ፖዙኦሊ ባህሩን ዳር ዳሩን ይዩት፣ ወደቡ አጠገብ ሴራፔዮ የሚሉት የጥንት የሮማውያን ገበያ አለ፣ ምሰሶዎቹ ላይ ከፍ ብሎ ዛጎል ያላቸው የባህር እንስሳት የበሷቸው ቀዳዳ ይታያል፣ መሬቱ በእሳተ ገሞራው ምክንያት ሲሰምጥና ሲነሳ የኖረ ስለሆነ ነው። ከዛ ዛሬውኑ ወደ ሮም ሂዱና ነገ ጠዋት ኦርቪየቶ ውሰጃቸው፣ ከሮም ባቡር 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ። ከተማው ገደል አናት ላይ ነው ግን ከባቡሩ ስትወርጂ ፊት ለፊት ፉኒኮላሬ አለ በገመድ እየተጎተተ ያወጣችኋል። ካቴድራሉ በ1290 የተጀመረ ነው፣ ግንቡ በጥቁርና ነጭ ድንጋይ እንደ ጥለት በየመስመሩ የተደረደረ። ሰው ሁሉ እዛ ሲደርስ ቺቪታ ዲ ባኞሬጆ ሂዱ ይላችኋል፣ ውብ ናት፣ ግን ያንን ረጅም ድልድይ ሽቅብ በእግር ነው የሚወጣው፣ ለእናትሽ አይሆንም።

የእማዬ_ልጅ፦
ሻንጣውን አስቀመጥን። ትኬቱን ፎቶ አንስቻለሁ። ሞንቴሳንቶ ደርሰን ኩማና ላይ ተቀምጠናል እማዬ መስኮቱ ጋ ናት። ስልኬ 9 ፐርሰንት ነው ከደረስን እጽፋለሁ

የባህር_ሰው፦
የመመለሻውን ሰዓት ጠይቂ። አትርሺ።

ታሪክ_ወዳጅ፦
በሰላም ግቡ ልጄ።

ናፖሊ_ሰፈር፦
ደረሳችሁ? ማታ ነፋሱ ትንሽ በረድ ብሎ ነበር

ሚላኖ_ነዋሪ፦
መርከቡ ሄዶላቸው ይሆን የሚያውቅ አለ?

አዲስ_ገቢ፦
ይቅርታ ነገሩ ካለፈ በኋላ መጣሁ፣ ለነሐሴ እኔም ፕሮቺዳ አስቤያለሁ፣ የሕፃን ጋሪ ይገፋል?

ናፖሊ_ሰፈር፦
ማሪና ግራንዴ ላይ ይገፋል። ከዛ ወዲያ ያለው መንገድ ጠባብ ነው መኪናና ሞተር ይጋፋል፣ በአንቀልባ ይሻላል። ኮሪቼላ ደረጃ ነው።