የአዳራሹ ገንዘብ ባንክ ተቀምጧል፤ የጥበቃችን ሚስት ግን የኩላሊት እጥበት መክፈያ አጥታለች

ጠያቂ፦ ገንዘብ ያዥ፣ ሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እህታችሁ በአንዲት የወንጌላውያን አጥቢያ ገንዘብ ያዥ ነኝ። አዲስ አዳራሽ መሥራት ስለጀመርን ለግንባታው የተለየ ሒሳብ ተከፍቷል፤ ምእመናንም ቃል የገቡትን በየወሩ በፖስታ ያስገባሉ። የበጎ አድራጎቱ ሒሳብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው።

የግቢያችን ጥበቃ ሚስት ኩላሊቷ ሥራ አቁሞ በሳምንት ሦስት ጊዜ እጥበት ታዝዞላታል። ባልዋ ደመወዙን አስቀድሞ ወስዶ ጨርሷል፤ ዘመድም የቻለውን አዋጥቷል። አሁን የምትታጠበው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። እሑድ ስትመጣ እግሯ ስለሚያብጥ ጫማ እንቢ ይላታል፤ ከኋላ ወንበር ላይ በነጠላ ጫማ ትቀመጣለች። ጉዳዩን ለሽማግሌዎች ሳቀርብ «ለዚህ የተያዘ በጀት የለም፤ እንጸልይላት» አሉኝ። በዚያው ስብሰባ ሲሚንቶ ሳይወደድ እንግዛ ወይስ እንቆይ በሚለው ላይ ረጅም ሰዓት ተከራከርን።

ሰዎቹ ክፉዎች አይደሉም፤ አብዛኞቹ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያስተማሩኝ ናቸው። ሳላስቀይማቸው እንዴት ልናገር? ዝም ማለት ግን አልችልም።

መልስ፦ የቀድሞ የቤት ኅብረት መሪ፣ አዲስ አበባ

ልጄ፣ እኔ ያደግሁት በመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ የጸሎት ቤቶቻችንን ዘጋ፣ ንብረታችንን ወረሰ፣ መሪዎቻችንን ለዓመታት አሰረ። ያን ጊዜ 5,000 ገደማ ነበርን፤ በ1983 ዓ.ም. በይፋ መሰብሰብ ስንጀምር ከ34,000 በላይ ሆነን ተገኘን። አዳራሽ የሚባል አልነበረንም። በየሰዉ ሳሎን መጋረጃ ዘግተን፣ አንድ አንድ እያልን ገብተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንዘምር ነበር። አንድ ሰው ሲቀር ወዲያው ይታወቃል፤ ታሞ ይሁን ታስሮ በማግስቱ የሚጠይቅ አለ። ለታሳሪ ቤተሰብ እህል ሲዋጣ በጀት ያስፈቀደ ማንም አልነበረም። አዳራሹን አትጥይው፤ ዝናብና ፀሐይ ይከልላል። ለሽማግሌዎችሽ ግን ይህን ታሪክ አስታውሺያቸው፤ ከእነርሱ መካከል በዚያ ዘመን ያለፈ አይጠፋም።

መልስ፦ የሒሳብ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ

እህቴ፣ የግንባታውን ገንዘብ ሰጪዎቹ ሳያውቁ ወደ ሌላ ሒሳብ እንዳያዞሩ። ዛሬ ለታማሚ የላላ ሥርዓት ነገ ለመሪው መኪና ይላላል፤ ያን ጊዜ የሚጎዱት እነዚያው ድሆች ናቸው። ጳውሎስ እንኳ የድሆችን መዋጮ ሲያደርስ ማንም እንዳይነቅፈው ሌሎች ወንድሞችን አብሮ ልኳል፤ ሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8ን ያንብቡ። ይልቅ ሰጪዎቹን ይጠይቁ። የሚፈቅድ ሰው የጥቂት ወራት ቃል ኪዳኑ ለሕክምና እንዲውል በጽሑፍ ይፈርም፤ ክፍያውም በቀጥታ ለሆስፒታሉ ተከፍሎ ደረሰኙ ይቀመጥ።

መልስ፦ ዲያቆን፣ ጎንደር

እኔ ኦርቶዶክሳዊ ነኝ፤ ችግሩ ግን በእኛም ሰበካ ጉባኤ የታወቀ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የሚላኖው ጳጳስ አምብሮስዮስ ጎት በሚባሉ ወራሪ ነገዶች የተማረኩ ሰዎችን ለመዋጀት የቤተ ክርስቲያኑን ንዋያተ ቅድሳት አስቀልጧል። የክርስቶስን ፍጹም አምላክነት የማይቀበሉት አርዮሳውያን ሲነቅፉት ከወርቁ ይልቅ ነፍሳትን ለጌታ ማትረፍ እንደሚበልጥ በግልጽ ተከራከረ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ንም ይመልከቱ። ሰባቱ ዲያቆናት የተሾሙት መበለቶች በዕለት ምግብ ተዘነጉ የሚል ማጉረምረም ስለተነሣ ነው። ሐዋርያት አጉረምራሚዎቹን አልገሠጹም፤ ሥርዓቱን አስተካከሉ። እርስዎም አቤቱታዎን ሲያቀርቡ እንደ አመፀኛ አይሸማቀቁ።

ጠያቂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሽማግሌዎቹን ከስብሰባ በፊት በየቤታቸው ላነጋግር አስቤአለሁ። ጥበቃውን ግን አስቀድሜ ስጠይቀው «ሚስቴ ስሟ በጉባኤ ፊት እንዲነሣ አትወድም» አለኝ። ስሟን ሳልጠራ ሰጪዎቹን እንዴት ልጠይቅ?

መልስ፦ የሒሳብ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ

ትክክል ብላለች፤ ስሟ አይጠራ። ቅጹ ላይ «ለአጥቢያችን ሕሙማን ሕክምና» ብለው ያስፍሩ። ማንነቷን እርስዎና ሽማግሌዎቹ የሚመርጧቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ይወቁ፤ ደረሰኙንም እነርሱ ይፈርሙበት፤ ለጉባኤው ድምሩ ብቻ ይነበብ። ቅጹን ጽፈው እዚህ ቢለጥፉት ዛሬ ማታ አይቼ አርምልዎታለሁ።