የእርግዝናዬ 28ኛ ሳምንት፤ ጋደም ስል አፍንጫዬ ጥርቅም ይላል። ጠብታውን እንዴት ልተው?

ካዛንቺስ_28
ሰላም ለሁላችሁ። አፍንጫዬ ከተደፈነ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ትኩሳት የለኝም፣ ሳል የለኝም፣ የሚወጣው ንፍጥም ጥቂትና ጥርት ያለ ነው። ቀን ይሻላል። ማታ ጋደም ስል ግን ሁለቱም ቀዳዳ ይዘጋና በአፌ እየተነፈስኩ አድራለሁ። ዛይሎሜታዞሊን የሚባለውን ጠብታ ከሁለት ሳምንት በላይ ተጠቅሜያለሁ፤ መጀመሪያ እስከ ንጋት ያቆየኝ ነበር፣ አሁን ወዲያው ይመለሳል። ቤት ያሉት ደግሞ ጤና አዳምና ባህር ዛፍ ታጠኚ ይሉኛል። ጠብታውን እንዴት ነው የምተወው? በምትኩስ ምን ላድርግ? ለልጁ የማይጎዳ እንዲሆን ነው።

ፋርማሲስት_ፒያሳ
እህቴ፣ አሁን የሚዘጋሽ ከእርግዝናው ይልቅ ጠብታው ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

በእርግዝና የደም መጠን እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል፣ ሆርሞኖቹም የአፍንጫን የውስጥ ሽፋን ያሳብጡታል። የዘጋሽ ያበጠ ሥጋ እንጂ ንፍጥ ስላልሆነ ብትናፈጪም አይከፈትም። ስትጋደሚ ደም ወደ ጭንቅላት ስለሚያዘነብል ይብሳል። ጠብታው የደም ሥሮቹን አጥብቦ ይከፍትልሻል፤ ከ3 እስከ 5 ቀን ካለፈ ግን ሥሮቹ ይለምዱትና ኃይሉ ሲያልቅ ከበፊቱ የባሰ ያብጣሉ። ከዚያ ቶሎ ቶሎ ትጨምሪያለሽ፣ እብጠቱም እየባሰ ይሄዳል።

አወጣጡ እንዲህ ነው። በአንድ ቀዳዳ ብቻ አቁሚ፣ ለምሳሌ በግራው። በቀኙ ማታ ብቻ ጨምሪ፣ እሱንም የአዋቂውን 0.1% ትተሽ የልጆቹን 0.05%። ግራው ለጥቂት ቀናት ድፍን ይላል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተሸንፎ የሚመለሰው። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይከፈታል። ሲከፈት ቀኙንም አቁሚ። አንዱ ጎን ሁልጊዜ ስለሚተነፍስልሽ እንቅልፍ አታጪም። ይህን ያህል ጊዜ መጠቀምሽን ግን ለክትትል ሐኪምሽ ሳትነግሪ አትጀምሪ፤ በተለይ የደም ግፊት ካለብሽ ጠብታውን ጨርሶ ተዪው ሊልሽ ይችላል።

በጠብታው ፈንታ የጉንፋን ክኒን እንዳትገዢ። የክኒኑን ጀርባ አንብቢ፤ ሱዶኤፌድሪን ወይም ፌኒልኤፍሪን ካለበት የአፍንጫሽን ብቻ ሳይሆን የመላ ሰውነትሽን የደም ሥር ያጠባል፣ ግፊትም ይጨምራል። ለራስ ምታትም ፓራሲታሞል እንጂ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አይሁን፤ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የእንሽርት ውሃ ሊቀንሱ ይችላሉ።

ኪሮስ_ጎን
የጨው ውሃውን እኔ ላብራራው። ብዙ ሰው አንዴ ሞክሮ «አቃጠለኝ» ብሎ የሚተወው መጠኑን ስለሚስት ነው።

ቀላሉ ከፋርማሲ ኖርማል ሳላይን መግዛት ነው፣ ሰው ሁሉ በደፈናው «ግሉኮስ» የሚለው ዓይነት ፕላስቲክ። ላዩ ላይ ሶዲየም ክሎራይድ 0.9% ይላል። ደክስትሮስ ያለበት ስኳር ስለሆነ እንዳትሳሳቺ። መርፌ የሌለው የ20 ሚሊ ሲሪንጅም ግዢ። ሳላይኑ መከላከያ ኬሚካል ስለሌለው ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ አታቆዪው።

ቤት ከሠራሽው ለግማሽ ሊትር ውሃ 4.5 ግራም ጨው ነው። የሻይ ማንኪያ ከቤት ቤት ስለሚለያይ የልጆች ሽሮፕ መለኪያ ተጠቀሚ፤ የተፈጨ ጨው እስከ 4 ሚሊው መስመር ድረስ፣ ሳይከመር። ካበዛሽው ያቃጥላል፤ ካሳነስሽው ደግሞ ዋና ላይ ውሃ አፍንጫ ሲገባ እንደሚለበልበው ይለበልባል። በሦስት ጣት ቆንጠር ያለ ቤኪንግ ሶዳ ብትጨምሪ ይለዝባል። ቤኪንግ ፓውደር ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱን አታስገቢ።

ውሃውን አፍልተሽ ነው፤ የቧንቧም ይሁን የሮቶ፣ የታሸገውም ቢሆን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ለብ እስኪል አቀዝቅዢው። ቀዝቃዛ ከሆነ እሱም ያማል።

ከዚያ መታጠቢያው ላይ ጎንበስ በይ፣ ጭንቅላትሽን ወደ ጎን አዘንብይ፣ አፍሽን ከፍተሽ በአፍሽ ተንፍሺ። ከላይ ባለው ቀዳዳ ቀስ እያልሽ ግፊ፤ በታችኛው ይወጣል። በእያንዳንዱ ጎን ከ3 እስከ 5 ሲሪንጅ። በኃይል ከገፋሽ ወይም እየዋጥሽ ከሆነ ጆሮሽ ድፍን ይላል። ጭራሽ ከተዘጋና ውሃው ካላለፈ አትታገዪ፤ ከዚሁ የጨው ውሃ ጥቂት ጠብታ ጨምረሽ 5 ደቂቃ ጠብቂና ሞክሪ። ሲያበቃ አጎንብሰሽ አንጠባጥቢው፣ ከዚያ አንድ አንዱን ቀዳዳ ቀስ ብለሽ ተናፈጪ። ጠዋትና ማታ፤ የማታው ከመኝታ አንድ ሰዓት ቀደም ይበል፣ አለዚያ የቀረው ውሃ ትራስሽ ላይ ይወርዳል። እብጠቱን አያጠፋውም፤ የደረቀውን ያለሰልሳል፣ አቧራ ያጥባል። በእኛ ሰፈር የግንባታ አቧራ ይህ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም።

አዋላጅ_ነርስ
ስለ መታጠን። ጤና አዳም ማሕፀን እንዲኮማተር ያደርጋል ተብሎ የሚፈራ ቅጠል ነው፤ በእርግዝና አይጠጣም፣ አይታጠንም። ባህር ዛፍ ሽታው የተከፈተ ያስመስላል እንጂ እብጠቱን አይቀንስም። እንፋሎት ከፈለግሽ ሙቅ ሻወር ይበቃል። ብርድ ልብስ ተከናንቦ የፈላ ድስት ላይ ማጎንበስን ግን ተዪው፤ ድስቱ ከተገለበጠ ሆድሽና ጭንሽ ነው የሚቃጠለው።

ቡናውንም አስቢበት። በተዘጋ ክፍል ከሰልና ዕጣን አፍንጫ ያስቆጣሉ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ከእናት ይልቅ ጽንሱን ያጠቃል። ወይ በረንዳ ላይ ይፈላ፣ ወይ በርና መስኮት ይከፈት።

ለመኝታ ትራስ መደራረብ አንገትን አጥፎ ያባብሳል። ፍራሹ ሥር በራስጌ በኩል ጋቢ አጣጥፈሽ ከደረትሽ ጀምሮ 15 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ በይ። በጎን ስትተኚ የታችኛው ቀዳዳ ነው የሚዘጋው፤ ግራ ጎን ብቻ ካልሆነ ብለሽ አትጨነቂ፣ ወደ ቀኝ ብትዞሪም ችግር የለውም። በጀርባሽ ግን አትተኚ።

ካዛንቺስ_28
በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ብቻ፦ ከሱቅ የምንገዛው አዮዲን ያለው ጨው ይሆናል? ደግሞ አንዳንዴ ስናፈጥ ደም ይቀላቀላል።

ኪሮስ_ጎን
ይሆናል። አንዳንዱን ይቆረቁረዋል እንጂ ጉዳት የለውም። የምግብ ጨውሽን ግን በዚህ ሰበብ ወደ አዮዲን አልባ እንዳትቀይሪ፤ ነፍሰ ጡር አዮዲን ይበልጥ ያስፈልጋታል። ድፍርስ የሚል ጨው ከሆነ ከሟሟ በኋላ አስረግተሽ የላዩን ቅጂ።

አዋላጅ_ነርስ
ጥቂት ደም በእርግዝና የተለመደ ነው፣ የበጋው ደረቅ አየርም ያባብሰዋል። ማታ በቀዳዳው አፋፍ ላይ ብቻ ቫዝሊን ስስ አድርገሽ ቀቢ፤ ወደ ውስጥ አታስገቢ። ከፈሰሰ ቁጭ ብለሽ ወደ ፊት ዘንበል በይና ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል 10 ደቂቃ ሳትለቂ ቆንጥጪ። ወደ ኋላ ማንጋጠጥ ደሙን ያስውጥሻል። 20 ደቂቃ አልፎ ካልቆመ ጤና ተቋም ሂጂ።

የሚያስነጥስሽና ዓይንሽን የሚያሳክክሽ ከሆነ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ሕክምናው ይለያል፤ ለእርግዝና የሚሆን እንክብልና ስፕሬይ ስላለ ሐኪምሽን ጠይቂ። ትኩሳት ከጀመረሽ፣ ወይም የፊት ሕመምና ወፍራም አረንጓዴ ንፍጥ ከ10 ቀን በላይ ከቆየ ሳይነስ ነው ብለሽ ጠርጥሪ።

ማንኮራፋት አዲስ ከጀመረሽ ወይም ትንፋሽሽ ቁርጥ እያለ እንደሆነ ባለቤትሽን ጠይቂው፤ ከሆነ ለቀጣዩ ክትትል ሳትጠብቂ ግፊትሽን ተለኪ። 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ከባድ ራስ ምታት፣ ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም ካለ በዚያው ቀን ሆስፒታል። አፍንጫው ብቻ ከሆነ ከወለድሽ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቅሻል፤ ካልለቀቀ ከአንገት በላይ ስፔሻሊስት ይየው።