በ45 ቀኑ ክትባት እናቷም ትጠየቅ? ወይስ «አብሽሪ» ይበቃል?

እናት፣ ከኮምቦልቻ
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄን ለ45 ቀኑ ክትባት ወሰድኳት። መዘኗት፣ ወጓት፣ ካርዷ ላይ ጻፉ፣ ቀጠሮ ሰጡን። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ያን ሰሞን ልጄ ተኝታ እንኳ እኔን እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ምግብ አፌ ውስጥ ይዞርብኛል። ስታለቅስ ማንሳት ሲገባኝ ቁጭ ብዬ ግድግዳ አያለሁ። ለጎረቤቶቼ ስነግራቸው «አብሽሪ» አሉኝ። ወሎዬ ነኝ፣ አብሽሪ ስባል ልቤ ይረጋል። ያን ጊዜ ግን አልረጋም። ሐሳቤ ይኼ ነው፦ ልጅ ሲከተብ እናቷም ስለ ውስጧ ትጠየቅ። በየጤና ጣቢያው ግዴታ ይሁን። ምን ትላላችሁ?

አያት፣ ከሐይቅ (የልጅ ልጄ እየጻፈችልኝ)
ልጄ፣ እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ። እኔ ሰባት ወልጃለሁ። አራስ ብቻዋን አትተውም፣ የኛ ወግ ይኼ ነው። እናቴ አርባውን ቀን ከጎኔ ተኝታለች። ጠዋት አጥሚት፣ ከዚያ ገንፎ። ሴቶቹ ቡና አፍልተው ዱዓ ያደርጉልኛል። ክርስቲያን ጎረቤቶቼም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ይገባሉ። የከፋው ሰው ካለ ለዱዓ ተሰብስበን ወዳጃ እንቀመጥለታለን። ይኼ ሁሉ እያለ ወረቀት ለያዘ ባዕድ ገመና ማውጣት ለምን አስፈለገ?

እናት፣ ከኮምቦልቻ
እማማ፣ እርስዎ ያሉት ቢኖረኝ ምንኛ በወደድኩ። እኔ ፋብሪካ ነው የምሠራው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2017 ከተከፈተ ወዲህ እንደኔ ከገጠር መጥተው በኪራይ ክፍል የሚኖሩ ብዙ ሴቶች አሉ። እናቴ ከዋድላ መጥታ 12 ቀን ተቀመጠች፣ ከዚያ አዝመራው ጠራት። የቀረውን 28 ቀን ከማን ጋር ልሁን?

አዋላጅ፣ ከደሴ
ሁለት ነገር እየተቀላቀለ ነው። በወለዱ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ሆድ መባስ፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ ብዙ እናቶችን ይገጥማል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ለዚህ እውነትም አብሽሪ፣ እንቅልፍና ገንፎ ይበቃል። ሁለት ሳምንት አልፎም ካልለቀቀ ግን ድብርት ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከወሊድ በኋላ ከ100 እናቶች ወደ 20 የሚሆኑት የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥማቸዋል፣ አብዛኛው ድብርት ነው። በእርግዝና ጊዜም ከ100 ወደ 16 ናቸው። ይኼኛውን ሰው ይረሳዋል። ስለዚህ እኔ 45 ቀን አልጠብቅም፣ ከእርግዝና ክትትሉ ጀምሮ መጠየቅ አለባት።

መጠየቂያውም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 ኤድንብራ ላይ የወጣ 10 ጥያቄ አለ። ያለፉትን 7 ቀናት ነው የሚጠይቀው። በሽታ መኖሩን አይወስንም፣ ጠለቅ ብሎ መታየት ያለባትን ይለያል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ከ1,000 ወላዶች አንዷ ወይም ሁለቱ ሌላ ከባድ ሕመም ይይዛቸዋል። ጨርሶ አትተኛም፣ የሌለ ድምፅ ትሰማለች፣ ንግግሯ ይዘባረቃል። ሰው ጅን ነው ወይም ለክፍት ነው ይላል። ጠበሉም ዱዓውም አይቅር። ግን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ትድረስ። ብቻዋንም ከሕፃኑ ጋር አትተዋት።

አባት፣ ከወልድያ
ሐሳቡን አልጠላሁትም፣ «ግዴታ» የሚለው ነው የከበደኝ። ጠይቃችሁ ስታበቁ ምን ታደርጉላታላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2021 በጦርነቱ እዚህ አካባቢ ስንት ጤና ጣቢያ ተዘርፎ ወና ሆኖ ነበር። የአእምሮ ሐኪም በየቀበሌው የለም። ቁስሏን ነክቶ «በይ ደህና ዋይ» ማለት ካለመጠየቅ ይብሳል። ደግሞ ሁሉንም ጤና ጣቢያው ላይ አንጣለው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ሚስቱ ስትወልድ ለባል የሚሰጠው ፈቃድ 3 ቀን ነው። በአራተኛው ቀን እኔ ሥራ ቦታ ነኝ። ማን ይያት?

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ከተሁለደሬ
ወንድሜ፣ ጥያቄህ ልክ ነው። ግን መልሱ የግድ ሐኪም አይደለም። ፓኪስታን፣ ራዋልፒንዲ ገጠር ውስጥ እንደ እኛ ቤት ለቤት የሚሄዱ ሠራተኞችን አሠለጠኑ። በድብርት የተያዘችውን እናት ከእርግዝናዋ የመጨረሻ ወር ጀምረው እየሄዱ ያናግሯታል። የሚያስጨንቃትን ሐሳብ አብረዋት ያያሉ፣ ለልጇም ለራሷም ልታደርገው የምትችለውን ትንሽ ነገር ይመርጣሉ፣ ቤተሰቡንም ያስገባሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ። ከወሊድ በኋላ በ6ኛው ወር፣ እንዲህ ከተረዱት ከ100 በድብርት ላይ የቀሩት 23 ነበሩ። ከሌሎቹ ግን 53።

እውነቱን ልናገር ግን። ሠራተኞቹ ዝም ብለው አልተለቀቁም፣ በየወሩ እየተገናኘ የሚያግዛቸው ባለሙያ ነበራቸው። እኔ አሁን የክትባቱ፣ የቤተሰብ ምጣኔው፣ የመጸዳጃ ቤቱ መዝገብ ሁሉ እጄ ላይ ነው። ተጨማሪ ቅጽ ብቻ ሰጥታችሁኝ ከሄዳችሁ እሞላዋለሁ። እናቷ ግን አልተጠየቀችም ማለት ነው። ሌላው፣ እኔን ቀበሌው ሁሉ ያውቀኛል። ቤት ስገባ አማቷ በር ላይ ናት። «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ትለኛለች። ሌላ ምን ትበል?

አያት፣ ከሐይቅ
ይችን የመጨረሻዋን የልጅ ልጄ ደግማ አነበበችልኝ። እኔም ሦስተኛዬን ስወልድ እንደዚያ ነበርኩ። ቤቱ በሰው ሞልቷል። ልጁን ግን ዓይኑን ማየት አልፈልግም ነበር። እናቴ አምጥታ ደረቴ ላይ ታስይዘዋለች፣ ሲጠባ ፊቴን አዞራለሁ። ስንት ጊዜ እንደቆየ እንጃ። ለእናቴም አልነገርኩ። የሚጠይቁት ደስ ብሏቸው ነው የሚመጡት፣ እንዴት ብዬ እነግራቸዋለሁ? ይጠይቋት እንግዲህ። ግን ለብቻዋ ይሁን። አማትም እናትም በሌሉበት።

እናት፣ ከኮምቦልቻ
እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ይኼን ከሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

አባት፣ ከወልድያ
ግዴታ በሚለው አሁንም አልተስማማሁም። መጀመሪያ ሰው ይሠልጥን፣ የምትላክበት ቦታ ይታወቅ። ብቻ ሚስቴ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። አዋላጅ እህቴ፣ በቀጣዩ ክትትል አብሬያት ልግባ?

አዋላጅ፣ ከደሴ
ግባ እንጂ። የምንነግራትን አንተም ስማ። ከዚያ ለአምስት ደቂቃ ውጣልን።